ደጅ የሌለው ቤት

ለመስቀል ቸሃ ስገባ ስልኬ በፎቶ ተሞልቶ ነበር። ክትፎው ተበልቶ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ጋሼ (የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው) መነጽራቸውን አድርገው «እስቲ የሄድክበትን አገር አሳየኝ» አሉኝ። ለሥራ ጃካርታ ሦስት ሳምንት ቆይቼ መመለሴ ነበር። ስልኩን ሰጠኋቸው። ሰማይ ጠቀሶቹን ሕንፃዎች አለፏቸው። ጫፉ ላይ የወርቅ ነበልባል ያለውን የነፃነት ሐውልት፣ ሞናስን፣ እሱንም አለፉት። ጣሪያው እንደ ጀልባ በሁለት በኩል ወደ ላይ የተቀለበሰ የእንጨት ቤት ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ። በሁለት ጣታቸው አጉልተው አዩት።

«ጥሩ ቤት ነው። አናጢው እጅ አለው» አሉ። ትንሽ ቆዩና ደግሞ «ደጁ ወዴት ነው? ከብቱ በየት በኩል ይገባል? ጎረቤቱስ ማን ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ቤቱ የቶራጃ ሕዝብ ቤት ነው፤ አገሩ ሱላዌሲ የሚባል ደሴት ነው። እኔ ያየሁት ግን ሱላዌሲ ሄጄ አይደለም። ጃካርታ ውስጥ፣ አንድ መናፈሻ ውስጥ ነው ያየሁት። ጎረቤቱ የሌላ ክፍለ ሀገር ቤት ነው፣ ደጁ የጎብኚ መንገድ ነው። ይህንን ሳስረዳቸው ጋሼ ስልኩን መለሱልኝና «እንግዲያውስ ቤት አይደለማ» አሉ። ይህ ጽሑፍ ከዚያች ዓረፍተ ነገር ጋር የማደርገው ክርክር ነው። ግማሹን ተሸንፌያለሁ።

መናፈሻው ታማን ሚኒ ኢንዶኔዥያ ኢንዳህ ይባላል፤ «ውቢቷ ኢንዶኔዥያ በትንሹ» እንደማለት ነው። ጃካርታ የሄደ ሰው «ምን ልይ?» ብሎ ሲጠይቅ ከሚጠቆሙለት ቦታዎች አንዱ ነው። አሳቡ የፕሬዚዳንት ሱሃርቶ ባለቤት የቲየን ሱሃርቶ ነበር፤ የተመረቀው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1975 ነው። መሃሉ ላይ ሰው ሠራሽ ሐይቅ አለ። ሐይቁ ውስጥ የአገሪቱ ደሴቶች በየቅርጻቸው ተሠርተው ተቀምጠዋል፤ በሽቦ ላይ በሚሄድ ጋሪ ከላይ ሆናችሁ አገሩን በሙሉ ቁልቁል ታዩታላችሁ። ዙሪያውን እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር አንድ ግቢ፣ በግቢው ውስጥም የባህል ቤት አለው። የሚናንግካባው ጣሪያ እንደ በሬ ቀንድ ሽቅብ ይሾላል። የባታኩ ፊቱ በቅርጽ የተዋበ ነው። አሠራሩ ጥሩ ነው፣ ልዋሽ አልችልም። አፌን ከፍቼ ነው የዞርኩት።

ውበቱ ግን ያለ ጠብ አልመጣም። ገና ዕቅዱ ሲሰማ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 መጨረሻና በ1972 መጀመሪያ፣ የጃካርታ ተማሪዎች «ደሃ አገር ለዚህ የሚሆን ገንዘብ የላትም» ብለው ሰልፍ ወጡ። ሱሃርቶ በንግግር ተቆጡ፤ ከተቃዋሚዎቹም የታሰሩ ነበሩ። መናፈሻው ተሠራ። አገርን በትንሹ የሚያሳየው ሰው፣ የትኛው አገር እንደሚታይም አብሮ ይወስናል።

እዚህ ላይ ሙያዬ ጣልቃ ይገባል፣ ይቅር በሉኝ። የምተዳደረው ሶፍትዌር በመጻፍ ነው፤ ቀኔን የማሳልፈው ዳታቤዝ ስሠራ ነው። የታማን ሚኒ ካርታ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የታየኝ ሠንጠረዥ ነው። አንድ ረድፍ ለአንድ ክፍለ ሀገር፣ አንድ ዓምድ ለቤት፣ አንድ ዓምድ ለልብስ፣ አንድ ዓምድ ለጭፈራ። ሠንጠረዥ ሲነደፍ ትልቁ ውሳኔ ምን ውስጡ ይግባ የሚለው አይመስለኝም። ትልቁ ውሳኔ «አንድ ረድፍ ማለት ምንድን ነው?» የሚለው ነው። ታማን ሚኒ አንድ ረድፍ ማለት አንድ ክፍለ ሀገር ነው ብሎ ወሰነ። ስለዚህ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቋንቋዎች የሚነገሩባት ፓፑዋ ስትመጣ በአስተዳደር ስሟ ገባች። ባለ ቤቱ ሕዝቡ ሳይሆን አስተዳደሩ ሆነ።

አስተዳደር ደግሞ ይለወጣል። መናፈሻው ሲከፈት አገሪቱ 26 ክፍለ ሀገር ነበራት፤ ዛሬ 38 ናቸው። ከሁሉ ግን ልቤን የነካው ምሥራቅ ቲሞር ነው። ኢንዶኔዥያ እ.ኤ.አ. በ1976 ጠቅልላ 27ኛ ክፍለ ሀገሬ አለችው፤ መናፈሻው ውስጥም ቤት ተሠራለት። በ1999 ሕዝቡ በድምፅ «አንፈልግም» አለ፣ በ2002 ራሱን የቻለ አገር ሆነ። ቤቱ ግን መናፈሻው ውስጥ ቀረ፤ ሙዚየም ተባለ። ባለቤቱ የሄደበት ቤት። በኛ ሙያ እንዲህ ያለውን ረድፍ «ወላጅ አልባ» እንለዋለን፤ የሚያመለክተው ነገር ጠፍቶ እሱ ብቻውን የቀረ ማለት ነው።

ይሄ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስላችሁ። በ2012 መስከረም መጨረሻ አዲስ አበባ የአንድነት ፓርክ ተከፈተ፤ የምኒልክ ታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ክፍት ሆነ። የግብር አዳራሹን ያየ ሰው አይረሳውም። እኔም ተሰልፌ ገብቼ ረክቼ ነው የወጣሁት። የዚያው ግቢ አንዱ ክፍል የክልሎች እልፍኝ ነው። ያኔ ክልሎቹ ዘጠኝ ነበሩ፣ እልፍኙም የተደለደለው በዘጠኝ ነው። የኔን የቸሃውን ቤት ልፈልግ ብል መጀመሪያ «ደቡብ» የሚለውን ስም ማግኘት ነበረብኝ፤ ከ50 የሚበልጡ ብሔረሰቦች የተጠለሉበት ስም።

ከዚያ ወዲህ ምን ሆነ? ሲዳማ በ2012 ክልል ሆነ። ደቡብ ምዕራብ በ2014 ወጣ። በ2015 ነሐሴ ደቡብ የሚባለው ክልል ራሱ ቀረና ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተባለ። ክልሎቹ 12 ደረሱ። የጉራጌ ዞን ምክር ቤት በ2011 ራሱን የቻለ ክልል ልሁን ብሎ የጠየቀ ነው፤ ዛሬ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን፣ ሁለቱም ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ውስጥ ናቸው። ማን ትክክል ነበር የሚለውን ለሌላ ቀን እተወዋለሁ። የኔ ጥያቄ የጋሼ ጥያቄ ነው፦ በዚህ ሁሉ መሃል የጋሼ ቤት አንድ ስንዝር አልተንቀሳቀሰም። ምሰሶው እዚያው ነው፣ እንሰቱ እዚያው ጓሮ ነው። በክልል ስም የቆመ እልፍኝ ግን ካርታ በተከለሰ ቁጥር «እኔ የማን ነኝ?» ማለቱ አይቀርም። ቤትን በአስተዳደር ስም መትከል ቤቱን ከመሬቱ ይልቅ ከወረቀቱ ጋር ማሰር ነው።

አሁን «ደጁ ወዴት ነው?» ወደሚለው ልመለስ። የጉራጌን ቤት የሚያውቅ ሰው ጥያቄው ቀላል እንዳልሆነ ይገባዋል። ሰባት ቤት ጉራጌ ዘንድ ቤት ብቻውን አይቆምም። ፊት ለፊቱ ጀፎረ አለ፤ በሣር የተሸፈነ፣ ሰፊ፣ የሰፈሩ ሁሉ የሆነ መንገድ። ቤቶቹ በግራና በቀኝ ተሰልፈው ወደሱ ይመለከታሉ፤ እንሰቱና ቡናው ከጀርባ ነው። ጀፎረ ላይ ልጅ ይጫወታል፣ ጥጃ ይግጣል፣ ሠርግ ይታጀባል፣ ለቅሶ ይቀመጣል፣ ሽማግሌ ይሰየማል፣ መስቀል ሲሆን ደመራ ይበራል። ባለቤቱ ማንም አይደለም፣ ሁሉም ነው። ቆርሶ ወደ ራሱ ያጠረ ሰው በቅጫ፣ ማለትም በአባቶች ሕግ፣ ይጠየቃል። ጎጆውን ቆርጣችሁ አዲስ አበባ ልታመጡት ትችላላችሁ፤ ጀፎረን ግን ልታመጡት አትችሉም። ጀፎረ ዕቃ ሳይሆን በጎረቤታሞች መካከል ያለ ስምምነት ነዋ። የምንጎበኘው እንግዲህ ስምምነቱ የተነቀለለትን ዕቃ ነው።

እዚያው ጃካርታ ከተማው ውስጥ የዚህን ተቃራኒ አይቻለሁ። ታማን ሚኒ ውስጥ የእስልምናው፣ የፕሮቴስታንቱ፣ የካቶሊኩ፣ የሂንዱው፣ የቡድሃው ቤተ አምልኮ ለዕይታ ጎን ለጎን ቆመዋል። ሞናስ አጠገብ ግን ግዙፉ ኢስቲቅላል መስጊድና የካቶሊኮች ካቴድራል እውነተኛ መንገድ ለሁለት ከፍሏቸው ፊት ለፊት ይተያያሉ። የመስጊዱን ንድፍ የሠራው ፍሬድሪክ ሲላባን ክርስቲያን ነበር። ገና ሲደርስ የካቴድራሉ ምእመን መኪናውን መስጊዱ ግቢ ያቆማል። ያችን የመኪና ማቆሚያ የሚያስጎበኝ የለም፤ እኔን ግን ስለዚያ አገር ከሐይቁና ከጋሪው በላይ ያስረዳችኝ እሷ ናት። የኛዋ ደግሞ መርካቶ አለች። ራጉኤልና አንዋር መስጊድ ጎረቤት ሆነው ሲኖሩ ማንም «አንድነት» ብሎ ታፔላ አልሰቀለባቸውም።

እስካሁን ለጋሼ ፈረድኩ። ግማሹን ተሸነፍኩ ያልኩት ግን ያለ ምክንያት አይደለም። ታማን ሚኒ ሁለት ቀን ነው የሄድኩት፤ መጀመሪያ በሥራ ቀን፣ ከዚያ እሑድ። በሥራ ቀኑ ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ አየሁ። እሑድ ግን አንዱ ቤት በረንዳ ላይ ልጆች ጭፈራ ይለማመዱ ነበር፤ እናቶቻቸው ምንጣፍ ዘርግተው ምግብ ከፍተዋል፣ ሴት አያት መሳይዋ ትንሿን ልጅ እጇን ይዘው ያቃኗታል። ጃካርታ ተወልደው ያደጉ ልጆች ናቸው፤ የአያቶቻቸው አገር በአውሮፕላን ነው የሚደረሰው። ለእነሱ ይህ ቤት ኤግዚቢሽን አይደለም። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ነው የገቡት፤ እኔ ነኝ ቆሜ እንደ ዕቃ የማያቸው። አፈርኩ፣ ስልኬን ኪሴ ከተትኩ።

ያኔ የመርካቶ ልጆች፣ የአክስቶቼ ልጆች ትዝ አሉኝ። ጉራጌኛ ይሰማሉ፣ አይመልሱም። ለመስቀል አገር ቤት የማይገባ ጉራጌ የለም ይባላል እንጂ እነሱ ሁለት ጊዜ ይሁን ሦስት ጊዜ ነው የገቡት። ለእነሱ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ ጎጆ ከምንም ይሻላል? ይሻላል። ግን ጎጆው መቆሙ ብቻውን አይበቃም። አያት መጥታ የምትቀመጥበት፣ እሳት የሚነድበት፣ ልጁ ገብቶ «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ገመድ የማይከለክለው መሆን አለበት። መለኪያዬ ይኸው ነው፦ የባህል ቤት የሚመዘነው በጣሪያው ቅርጽ ሳይሆን ፊት ለፊቱ ትንሽም ብትሆን ጀፎረ በመፍጠሩ ነው። ታማን ሚኒ እሑድ እሑድ ያልፋል፣ በሥራ ቀን ይወድቃል። የኛም እልፍኝ በዚሁ ይመዘን።

የሚያሳስበኝ ግን መናፈሻው አይደለም። በዚያው መስቀል ቡናውን ጠጥተን ከጋሼ ጋር ጀፎረው ላይ ወጣን። አንዱ ዳር ላይ ባሕር ዛፍ ከወሰኑ አልፎ ገብቷል። ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ሰው ድንጋይ ከምሯል፤ አጥር ሊሆን ይመስላል። ጋሼ በከዘራቸው ነካ አደረጉት፣ ምንም አላሉም። ጎጆን በከተማ ስንገነባ፣ በገጠር ደጁን ቀስ በቀስ እየቆረስነው ከሆነ፣ አንድ ቀን ሁለቱም ቦታ የሚቀረን ቤት ብቻ ይሆናል።

ማምሻውን ስልኬን አውጥቼ ጀፎረውን አነሳሁት። ቤት ሳይገባበት፣ ሰው ሳይገባበት፣ ሣሩን ብቻ። ለመርካቶዋ የአክስቴ ልጅ ላክሁላት። ወዲያው መለሰች፦ «ምኑን ነው ያነሳኸው? ባዶ ሜዳ እኮ ነው።»

«ለከርሞ መስቀል ነይና ታዪዋለሽ» ብዬ ጻፍኩላት።