የማገሩ ነጭ መስመር

መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ ማለዳ መድረስ ይሻላል፤ የመዶሻው ድምፅ ጆሮ ሳይዘጋ። ቆራሌው ከየሰፈሩ የገዛው ጣሳ፣ ሽቦና በርሜል እዚያ ይራገፋል። በርሜሉ ተቀጥቅጦ ምድጃ ይወጣዋል። እኔ የምፈልገው ለምድጃም ለጣሪያም የማይሆነውን ነው።

ባለፈው መስከረም አንድ የማድ ቤት ቆርቆሮ አገኘሁ። ውስጡ የዓመታት ጭስ ጠጥቶ ጠቁሯል፤ በምስማር ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ዝገቱ ቀልቷል፤ ማገሩ ያረፈበት ቦታ ብቻ ጭስ ሳይነካው ነጭ መስመር ሆኖ ቀርቷል።

"ልጄ፣ ይሄ እኮ ያፈሳል፤ ደህናውን ልስጥሽ" አሉኝ ሻጩ አባት።

ቤት እንደገባሁ በሰማያዊ አክሪሊክ ከዳር እስከ ዳር ቀባሁት። ረቂቅ ሥዕል ስሠራ ዕቃው ምን እንደነበረ መታወቅ የለበትም ብዬ አምን ነበር። በሦስተኛው ቀን ዝገቱ ሰማያዊውን አልፎ ቡናማ ነጥብ ነጥብ አወጣ። አክሪሊክ በውሃ የሚቀጥን ቀለም ነው፤ ያልታሸገ ዝገት ላይ ሲያርፍ እርጥበቱ ይቀሰቅሰዋል። ነጥቦቹ የምስማሮቹን ተራ ጠብቀው ሲወጡ ሳይ የሸፈንኩት ምን እንደሆነ ገባኝ። በብርጭቆ ወረቀት ልፍቀው ስል ጥላሸቱም በከፊል አብሮ ሄደ። ያን ጥቁር በእጄ አልሠራውም። የቱቦ ጥቁር ቀለም በሁሉም አቅጣጫ አንድ ነው፤ የማድ ቤት ጥላሸት ግን ቅባት አለው፣ ቆመው እንደሚያዩበት ቦታ አንዴ ያበራል፣ አንዴ ብርሃኑን ይውጣል።

ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ የሚሰበስበውን የኤሌክትሪክ ሽቦ ሸርቦ እንጨት ላይ ሲቸነክረው ከሩቅ ከአውሮፕላን የታየ እርሻ ይመስላል። ሲቀርቡት ቀዩ ራሱ የሽቦው ቀይ ነው። ይህን ለዓመታት እያየሁ አደንቅ ነበር፤ ለራሴ እጅ ግን አላስተማርኩትም።

አሁን መጀመሪያ የምወስነው የማልቀባውን ቦታ ነው። የላላውን ዝገት በሽቦ ብሩሽ አራግፋለሁ። ጥላሸቱን በብሩሽ ከነኩት ይንሸራተታል፣ ስለዚህ ቫርኒሹን ከክንድ ርቀት በስሱ፣ ደጋግሜ እነፋበታለሁ። ኬሻ ቀለም ይጠጣል፣ በቀጠነ ኮላ አስቀድሜ አጠግበዋለሁ። የማዳበሪያ ከረጢት ግን ፕላስቲክ ነው፤ ቀለሙ ተልጦ ይወድቃል። እሱን በቆርቆሮው አሮጌ የምስማር ቀዳዳዎች በኩል በሲባጎ እሰፋዋለሁ።

ያ ቆርቆሮ እስከዛሬ ግድግዳዬን ተደግፎ ቆሟል። ከማገሩ ነጭ መስመር ጎን የሚቆም ቀለም አጥቼለት ነበር። ትናንት የምድጃ አመድ በነጭ ቀለም ለወስኩ፤ ወደ መስመሩ ቀርቧል።