የቶሙ ቅኝት በ32 ቢት

ድምፃዊው የመጣው ለትንሽ ሥራ ነበር። በ2007 ዓ.ም. እዚሁ ጋምቤላ የቀረጽንለት ዘፈን ውስጥ አንድ ስንኝ ቀይሮ እንደገና ሊዘፍን ፈልጓል። «አንድ ሰዓት አይፈጅብንም» አልኩትና የድሮውን ፕሮጀክት በአዲሱ ላፕቶፕ ከፈትኩ። ድምፁ አለ፣ ከበሮው አለ፣ አጎቱ የመቱት ቶም የተባለው መሣሪያም አለ። ከቶሙ ሥር የሚሄደው የዋሽንትና የቫዮሊን ትራክ ግን ኖታው ብቻ ተደርድሮ ዝም ብሏል። ፕሮግራሙ ፕለጊኑን አጣሁት ይላል።

ፕለጊን ራሱን ችሎ አይሠራም፤ በማቀናበሪያ ፕሮግራም ውስጥ ገብቶ ነው የሚጫወተው። ስታይንበርግ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ቪ.ኤስ.ቲ. የሚባለውን ስልት በ1996 እ.ኤ.አ. ካወጣ ወዲህ ብዙዎቻችን እውነተኛ ቫዮሊን ሳንይዝ ቫዮሊን ያስገባነው በእሱ ነው። የእኔው ፕለጊን በ32 ቢት ዘመን የተሠራ ነው። የ32 ቢት ፕሮግራም ከ4 ጊጋባይት በላይ ሜሞሪ ላይ መድረስ አይችልም ነበር፤ ትልልቅ የድምፅ ክምችት ሲመጣ ጠበበና ሁሉም ወደ 64 ቢት ተሻገረ። ከማቀናበሪያ ፕሮግራሞቹ ሎጂክና ፕሮ ቱልስ በ2013 እ.ኤ.አ.፣ ኪዩቤዝ በ2016 መጨረሻ፣ ኤብልተን ላይቭ በ2018 ለአሮጌዎቹ በሩን ዘጉ። ማክ ኮምፒውተሮች ደግሞ በ2019 ከነጭራሹ 32 ቢት የሚባል ነገር አላውቅም አሉ። የፕለጊኖቹ ሠሪዎች አንዳንዶቹ አዲስ እትም አወጡ፤ የእኔው ሠሪ አላወጣም።

«ሌላ ቫዮሊን ጠፍቶ ነው?» የሚል አይጠፋም። እኔም እንደዚያ ብዬ አዲስና ውድ የሆነ የኦርኬስትራ ፕለጊን ጫንኩበት። ድምፁ ሲሰሙት ያምራል፤ ከቶሙ ጋር ሲገናኝ ግን ጥርስ ያፋጫል። ድምፃዊው ፊቱን አጨማዶ «አጎቴ ተሳስቶ ነው እንዴ?» አለኝ። አጎቱ አልተሳሳቱም። ያኔ የሠራሁትን ረስቼው የነበርኩት እኔ ነኝ።

ቶም በአኙዋኮች ዘንድ በሁለት አውራ ጣት የሚመታ፣ በእንጨት ላይ ምላሶች የተደረደሩበት መሣሪያ ነው። ምላሱን ወደ ውጭ ሲስቡት ይረዝምና ድምፁ ይወፍራል፤ ወደ ውስጥ ሲገፉት ያጥርና ይቀጥናል። ቅኝቱ ያለው በመቺው ጆሮና አውራ ጣት ነው። የኪቦርድ ቁልፎች ደግሞ እኩል ለእኩል የተከፋፈሉ ናቸው፤ በአንዱና በሚቀጥለው መካከል፣ በድምፅ ርቀት መለኪያ፣ ሁልጊዜ 100 ሴንት አለ። ስለዚህ በ2007 አጎቱን አስቀምጬ ምላሶቹን አንድ በአንድ አስመታኋቸውና በቱነር ለካሁ። አንዱ ከኪቦርዱ 31 ሴንት ዝቅ ይላል፣ ሌላው 18 ከፍ ይላል። ያ አሮጌ ፕለጊን ለ12ቱ ቁልፎች ለየብቻ ሴንት የሚሞላበት ትንሽ ሠንጠረዥ ነበረው። ቫዮሊኑን በዚያ ወደ ቶሙ አመጣሁት። ሠንጠረዡ በየኦክታቩ ራሱን ስለሚደግም የወፍራሙ ምላስ ነገር ፍጹም አልሆነም፤ ቢሆንም ተስማሙ። የጠፋብኝ እንግዲህ ያ ሠንጠረዥ ነው፤ ቫዮሊኑስ ሞልቷል።

አሮጌው ላፕቶፕ መደርደሪያ ላይ አለ። ዊንዶውስ 7 ነው፣ ማራገቢያው ሞቷል። የጋምቤላ የካቲት ከረፋድ በኋላ 40 ዲግሪ ሲጠጋ እንኳን እሱ ጤነኛውም ላፕቶፕ ራሱን ያጠፋል። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ፣ መብራት እያለ፣ ከፈትኩት። ፕለጊኑን ያገኘሁት በዚያን ጊዜ እንደ ብዙዎቻችን በፍላሽ ነበር፤ አልኮራበትም፤ ቅጣቱም መጫኛ የሌለው ሰው ሆኜ መቅረቴ ነው። ደግነቱ ከነድምፅ ክምችቱ ሁለት ፋይል ብቻ ነበር። ገልብጬ አወጣሁት።

64 ቢት ፕሮግራም የ32 ቢት ፕለጊን በራሱ ሆድ ውስጥ ሊያስገባ አይችልም። መፍትሔው ፕለጊኑን ውጭ ለብቻው አስነስቶ ኖታውን ወደዚያ፣ ድምፁን ወደዚህ የሚያመላልስ መካከለኛ ማቆም ነው። ድልድይ ይሉታል፤ የባሮን ወንዝ በድልድይ ለሚሻገር ሰው ነገሩን ማስረዳት አያስቸግርም። ኤፍ ኤል ስቱዲዮና ሪፐር የራሳቸው ድልድይ አላቸው፤ ለሌሎቹ ጄብሪጅ የሚባል ለብቻው ይገዛል። ድልድዩ ጥሩ ጎን አለው፦ ፕለጊኑ ሲወድቅ ብቻውን ይወድቃል፣ ፕሮጀክቱን ይዞ አይሄድም። መጥፎውን በዚያው ቀን አየሁት። መስኮቱ ተከፍቶ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ሦስት ጊዜ ዘግቼ በአራተኛው ሠንጠረዡ ብቅ አለ። ቁጥሮቹ እንዳሉ ናቸው።

በመጀመሪያ ያደረግሁት ድምፁን ማዳመጥ አልነበረም። እስክሪብቶ አንስቼ 12ቱን ቁጥሮች ደብተር ላይ ገለበጥኩ። ከዚያ ቫዮሊኑንና ዋሽንቱን ለየብቻ ወደ ድምፅ ፋይል ለወጥኳቸው። ያንን በ2007 አድርጌው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ። ሥራ ሲያልቅ እያንዳንዱን ትራክ በድምፅ ፋይል አውጥቶ ማስቀመጥ የአንድ ሻይ ጊዜ ነው፤ ሃርድ ዲስኩ ሞላ እያልኩ የቆጠብኩት ቦታ ዛሬ ያሳፍረኛል።

አንድ ነገር ግን እስካሁን ይገርመኛል። ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሆኖ ከአኮርዲዮኑ ጋር ከተጫወተባቸው ኪቦርዶች አንዱ በ1983 የወጣው ያማሃ ዲኤክስ 7 ነው። የዚያን ኪቦርድ ድምፆች ዛሬ ዴክስድ በሚባል ነፃ ፕለጊን በማንኛውም አዲስ ላፕቶፕ ላይ አስነሳቸዋለሁ። የድምፆቹ አጻጻፍ ስለሚታወቅ ሌሎች ሰዎች መልሰው ሠሩት። የ40 ዓመቱ ኪቦርድ በአንድ ደቂቃ ይነሳል፤ የእኔው የትናንት ፕለጊን ጎህ ያስጠብቀኛል። ዴክስድ ደግሞ ቅኝት ከተራ የጽሑፍ ፋይል ያነባል። 12ቱን ቁጥሮች ከደብተሩ ጻፍኩለትና ከቶሙ ጋር አጫወትኩት። ቫዮሊን አይመስልም፤ ግን ጥርስ አያፋጭም።

በማግስቱ ድምፃዊው መግቢያው ትንሽ እንዲረዝም ብሎ አጎቱን ከነቶማቸው ይዞ መጣ። አዛውንቱ ማዳመጫውን አድርገው የድሮውን ሰሙ፤ ራሳቸውን እየነቀነቁ እስከ መጨረሻው። ከዚያ ቶማቸውን ጭናቸው ላይ አኑረው አንዱን ምላስ መቱ፤ ከቀረጻው ጋር አልገጠመም።

«አባባ፣ ወደ ድሮው እንመልሰው?» አልኳቸው።

«ያኔ ጉሮሮው ቀጭን ነበር» አሉ ወደ ወንድማቸው ልጅ በአገጫቸው እያሳዩ። «አሁን ወፍሯል። ቶሙም ከእሱ ጋር ወርዷል፤ አንተ ያንተን አውርደው።»

ቱነሩን ከፈትኩ። ምላሶቹን አንድ በአንድ መቱልኝ፤ ሦስተኛው ላይ ቆም ብለው በአውራ ጣታቸው ጥፍር ትንሽ ሳቡትና እንደገና መቱት። ደብተሩን ገለጥኩና በአሮጌዎቹ ቁጥሮች ጎን ቀኑን ጽፌ አዲስ አምድ ጀመርኩ።