መንገዱ መብራት ይሰጣል ወይስ ይሰማል?

እ.ኤ.አ. በ2009 ኢኖዋቴክ የተባለ የእስራኤል ኩባንያ ከቴክኒዮን ጋር ሆኖ በሐዴራ አቅራቢያ፣ በመንገድ ቁጥር 4 ላይ፣ 10 ሜትር ያህል አስፋልት ስር ሴራሚክ ቀበረ። መኪና ሲረግጠው ኤሌክትሪክ ያመነጫል ተባለ፤ ወሬው ዓለምን ዞረ። በሙከራው ቅሬታ የለኝም። የሚከነክነኝ ነገሩ ዛሬም እንደ ነጻ ኃይል መወራቱ ነው።

ለዚህ ሥራ የታወቀው ፒዜድቲ የሚባለው ሴራሚክ ነው፤ እርሳስ፣ ዚርኮኒየምና ታይታኒየም አለበት። ሲሠራ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይሰጡትና በውስጡ የተበታተኑት የኤሌክትሪክ አቅጣጫዎች ይሰለፋሉ። ቮልቴጁ ከተነሳ በኋላም እንደተሰለፉ ይቀራሉ፤ ፌሮኤሌክትሪክ ያሰኘውም ይሄ ጠባዩ ነው። ከዚያ ስትጫኑት ቻርጅ ይሰጣል፤ ቮልቴጅ ስትሰጡት ደግሞ ይለጠጣል፣ ግን ከሺህ አንድ እጅ ቢሆን ነው።

እስቲ እናስላው። የከባድ መኪና ጎማ ግፊት 0.7 ሜጋፓስካል ገደማ ነው። ይሄ ግፊት አንድ ሊትር በሚያክል ፒዜድቲ ላይ እንዳለ ቢያርፍ በአንድ ርግጫ የሚገኘው 0.003 ጁል አካባቢ ነው። አንድ ኪሎዋት ሰዓት ደግሞ 3.6 ሚሊዮን ጁል ነው። ስለዚህ ከቢሊዮን ጊዜ በላይ መረገጥ አለበት! ግፊቱን በዘዴ 10 እጥፍ ብናደርገው ኃይሉ 100 እጥፍ ያድጋል፤ ያም ሆኖ ከ10 ሚሊዮን ርግጫ አያንስም። ያቺ ትንሽ ኃይልስ ከየት መጣች? መንገዱ ከጎማ በታች የሚባክነውን ብቻ ከሰበሰበ እሰየው። ከበፊቱ ይበልጥ የሚሰምጥ ከሆነ ግን ሒሳቡን የሚከፍለው ሹፌሩ ነው፣ በቤንዚኑ።

ለመብራት ኢምንት የሆነው ይሄው ቻርጅ ለመለኪያ እኮ ከበቂ በላይ ነው። ድልድይ ላይ ሁለት ስስ ቁራጮች ለጥፉ፦ አንዱ በቮልቴጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሌላው ያዳምጣል። መሐል ላይ ስንጥቅ ካለ የሚደርሰው ሞገድ ይለወጣል። መኪና ሳይቆም ክብደቱን ከሚለኩ መንገዶችም አንዳንዶቹ የሚሠሩት በዚሁ ዓይነት ቻርጅ ነው። የቆመ መኪና ግን ያስቸግራቸዋል፣ ቻርጁ ቀስ በቀስ ይፈሳላ!

"ስማርት" የሚለው ቃልም ትንሽ ይበዛበታል። ሴራሚኩ የሚያውቀው መጨነቅና መለጠጥን ብቻ ነው፤ የሚፈርደው ከኋላው ያለው ኮምፒውተር ነው፣ እሱም ይሳሳታል። የሐምሌ ፀሐይ ሲያግለው ሞገዱ ይቀየራል፤ የተለጠፈበት ሙጫ ሲላቀቅም እንደዚሁ። ታዲያ ምልክቱ ሲለወጥ የተሰነጠቀው ድልድዩ ነው ወይስ የለቀቀው ሙጫው? ምርምሩ ብዙ ድካም የሚፈጀው እዚህ ላይ ነው፤ ጋዜጣ ላይ ግን ብዙም አይወጣም።