ቤቱ ታደሰ፣ ጥላው ተቆረጠ

አፍሪዳር ውስጥ እድሳቱ አልቆ "አረንጓዴ ቤት" የተባለ አንድ የቆየ ቤት ገብቼ አየሁ። ግማሹን ወደድኩት፤ ግማሹ አናደደኝ።

አፍሪዳር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ በደቡብ አፍሪካ አይሁዶች ገንዘብና እቅድ የተቆረቆረ የአሽቀሎን ሰፈር ነው። ስሙም "አፍሪካ" እና "ዳሮም" (ደቡብ) ከሚሉት ቃላት የተገጣጠመ ነው። ሲታሰብ የአትክልት ከተማ ነበር፦ ዝቅ ያሉ ቤቶች፣ ሰፊ ጓሮ፣ ዛፍ።

የግድግዳው ሥራ በደንብ ታስቦበታል። ብሎኬትና ኮንክሪት ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ለክፍሉ ይመልሳል፤ ስለዚህ ቢዱዱ፣ ማለትም የሙቀት መከላከያው፣ ከውጭ መለጠፉ ትክክል ነው። ፀሐዩ ግድግዳው ጋ አይደርስም፤ ማታ መስኮት ከተከፈተ ደግሞ ግድግዳው ቀዝቅዞ ያድራል። ጣሪያውም ነጭ ተቀብቷል። እስከዚህ ጥሩ።

ጉዱ ጓሮው ላይ ነው። በምዕራብ በኩል የቆመው ትልቅ የቱት ዛፍ "ያቆሽሻል" ተብሎ ተቆርጧል፤ ጉቶው አለ። ዙሪያው የፕላስቲክ ሣር ተነጥፏል። ያ ዛፍ እኮ በበጋ ቅጠሉ የከሰዓቱን ፀሐይ ይይዛል፣ በክረምት ቅጠሉን አርግፎ ፀሐዩን ያስገባል! አሁን መጋረጃ ተሰቅሏል፤ መጋረጃ ግን ፀሐዩን የሚከለክለው መስታወቱን ካለፈ በኋላ ነው። የፕላስቲክ ሣሩም ከሕያው ሣር ይልቅ ይግላል። ከሰዓት በኋላ ስገባ ማዝጋኑ እየሠራ ነበር።

ቱቱን ትቶ፣ ከሥሩ ሮተምንና የባሕር ዳር አሸዋ የለመዱ ሌሎች ተክሎችን መትከል ይቻል ነበር። አንዴ ሥር ከሰደዱ በበጋ ብዙ ውኃ አይጠይቁም። የረገፈውንም ቅጠል መጥረግ አያስፈልግም፤ አፈሩን ያለብሳል።

ይህ የአንድ ሀብታም ቤት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። እኛ የምንኖረው ሺኩን ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በ2005 የጸደቀው ታማ 38 ከ1980 በፊት የተፈቀዱ ሕንጻዎችን ከመሬት መንቀጥቀጥ ለማጠናከር የወጣ ነው፤ ነገር ግን የኮንትራክተሩ ትርፍ ተጨማሪ አፓርታማ ሠርቶ ከመሸጥ ይመጣ ስለነበር፣ መሬት ርካሽ በሆነበት ሰፈር ብዙም አልታየም። የውጭ ቢዱድም ለእኛ ውድ ነው። ያለን ጥላ ነው፤ እናቶቻችን ጤና አዳም ከተከሉበት ጓሮ በምዕራብ በኩል የቆሙት ሁለት ዛፎች።

የቫአድ ባይት ስብሰባ እሑድ ነው። አጀንዳው ዛፎቹን ቆርጦ የመኪና ማቆሚያ መሥራት ነው። የዚያን ጉቶ ፎቶ ይዤ እሄዳለሁ።