የጓዳው በር

ንፋስ መውጫ የሚል ስም በተሸከመ ከተማ ቤት የሚሠራ ሰው ስለ ቀዳዳ አስተማሪ አያሻውም። የጋይንት ደጋ ነፋስ ስንጥቁን ራሱ ፈልጎ ያገኛል፤ የማን ቤት ነው ብሎም አይጠይቅም። ስለዚህ ግድግዳ ይመረጋል፣ በየዓመቱም ይታደሳል። ሰርቨር የምንጠብቅ ሰዎችም አብዛኛው ሥራችን ምርጊት ነው፤ የሶፍትዌሩ ሠሪዎች ስህተቱን ያርማሉ፣ እኛ አፕዴት እንጭናለን። ይሁንና ምርጊት የሙያው ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ግድግዳው አንድ ቀን መሰንጠቁ እንደማይቀር አምኖ የጓዳውን በር አስቀድሞ መቆለፍ ነው።

ለዚህ በመስከረም 2014 ከአፓቼ ዌብ ሰርቨር የተሻለ ምስክር አላውቅም። በወሩ መጀመሪያ ገደማ የወጣው 2.4.49 የተባለው እትም የፋይል አድራሻዎችን የሚያጣራበት ኮድ ተቀይሮ ነበር። በአድራሻ ውስጥ ሁለት ነጥቦች ተከታትለው ሲጻፉ «ወደ ላይኛው ፎልደር ውጣ» ማለት ነው፤ ማጣሪያው ይህን መከልከል ነበረበት። ሁለተኛዋ ነጥብ በፐርሰንት ምልክት ኮድ ሆና ስትመጣ ግን ሳያያት አለፈች። ሳሎን ተቀምጦ መስተናገድ የነበረበት እንግዳ ጓዳ ገባ። መስከረም 24 ቀን ማረሚያው 2.4.50 ወጣ፤ ነጥቧን ሁለት ጊዜ በኮድ የጠቀለለ ጥያቄ ግን እሱንም አለፈው። የተሟላው እርማት 2.4.51 የወጣው ከ3 ቀን በኋላ ነው። በፍጥነት አፕዴት ያደረገ ባለሙያ እንኳ እነዚያን ቀናት ክፍት ሆኖ አሳልፏል። ያልተነካው ከድረ ገጹ ፎልደር ውጭ ያለውን ሁሉ «ሪኳየር ኦል ዲናይድ» በሚለው ትእዛዝ ቆልፎ የያዘው ነው። መቆለፊያው በሌለበት፣ ሲጂአይ የተባለው ሞጁልም ክፍት በሆነበት ሰርቨር ደግሞ አጥቂው ፋይል ከማንበብ አልፎ ከሩቅ ሆኖ ትእዛዝ ማስፈጸም ችሏል።

«እንግዲያው የሚሠራን ሰርቨር አለመንካት ይሻላል፤ በ2.4.48 የቆየው ከዚህ ጣጣ ድኗል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ከዚህኛው ድኗል። ነገር ግን 2.4.48 በፕሮክሲ ሞጁሉ በኩል አጥቂው ጥያቄን ወደ ፈለገው ማሽን እንዲያስተላልፍ የሚፈቅድ ሌላ ቀዳዳ ነበረበት፤ የተደፈነውም በዚያው በ2.4.49 ነው። ባለመንካት የሚገኝ ደህንነት የለም። ኢኩፋክስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት የ147 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች መረጃ የተዘረፈበት አፓቼ ስትራትስ የተባለ ሌላ ሶፍትዌር ቀዳዳ ማረሚያው የወጣው በየካቲት 2009 መጨረሻ ነው፤ ዝርፊያው የጀመረው በግንቦት።

ሁለተኛው ተቃውሞ ለእኛ አካባቢ የቀረበ ነው፦ «የአንዲት ወረዳ ሰርቨር ለማን ትታያለች?» በሰኔ 2012 የኢትዮጵያ መንግሥት ድረ ገጾች ሲጠቁ የአገሪቱ የመረጃ መረብ ደህንነት ተቋም ኢንሳ ጥቃቱ ከግብፅ የተነሱ ቡድኖች ሥራ መሆኑን ገልጿል፤ በስም የሚፈልገን ጠላት አለ ማለት ነው። ብዙው ጥቃት ግን ስም አያውቅም። ሐምሌ 12 ቀን 1993 ኮድ ሬድ የተባለው ትል አድራሻ በዘፈቀደ እየመታ ከ14 ሰዓት ባነሰ ጊዜ 359,000 ገደማ ማሽኖችን ያዘ፤ የገባበት ቀዳዳ ማረሚያ ከወጣ አንድ ወር አልፎት ነበር። የደጋው ነፋስ የባለቤቱን ማዕረግ እንደማይጠይቅ ሁሉ ትሉም የከተማዋን መጠን አልጠየቀም። እንዲያውም እንደኛ መስመር በሚቋረጥበት አገር የጓዳው ቁልፍ ይበልጥ ያስፈልጋል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ እንዳየነው፣ መስመር ባለሙያው በፈለገበት ቀን አይገኝም። ለወራት ተለይቶ የቆየ ሰርቨር ሲመለስ የሚገናኘው በእሱ መቅረት ካልቆመ ዓለም ጋር ነው፤ ለተጠቃሚ ከመከፈቱ በፊት መታደስ አለበት።

ስለዚህ የማያስፈልግ ሞጁል ይጥፋ፤ ሰርቨሩ በአነስተኛ ሥልጣን ይሥራ፤ ያልተፈቀደው ሁሉ ዝግ ይሁን። አፕዴት ከተጫነ በኋላም ሎጉ ከቀዳዳው ቀን ጀምሮ ይነበብ፤ ግድግዳውን መምረግ ቀድሞ የገባውን ሌባ አያስወጣም፣ ከውስጥ ይዘጋበታል እንጂ። በዚያ ጓዳ ያለው የገበሬ የመሬት ይዞታ ወይም የታካሚ ካርድ ከሆነ፣ ባለቤቱ ቀዳዳውን ሊያየው ቀርቶ መኖሩን አያውቅም። አደራ የሚባለው ይኸው ነው።