ትዝታ በሸክላ፣ ፉከራ በአንደበት፦ የሂፕሆፕ ናፍቆት ከኢትዮጵያ የመረጠውና የተወው

በአማርኛ «ትዝታ» የሚለው ቃል ያለፈውን የማሰብ ስሜት፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር የሚቆጠረውን የዜማ ቅኝት፣ እንዲሁም በዚያው ቅኝት የሚዜመውን ዘፈን ባንድነት ይይዛል። ሂፕሆፕም በ1973 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በኒውዮርክ ብሮንክስ ሲወለድ ቀድመው በታተሙ ሸክላዎች ላይ የቆመ ጥበብ ስለ ነበር፣ ሁለቱ ሲገናኙ የትኛው ትናንት እንደሚመረጥ መጠየቅ ይገባል።

ራፐሩ ናስና የሬጌ ዘፋኙ ዴሚያን ማርሊ በ2010 ያወጡት «ዲስታንት ሬላቲቭስ» አልበም የሚከፈተው ከሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» በተወሰደ ሳምፕል፣ ማለትም ከነባር ቅጂ ተቆርጦ ለአዲስ ሥራ መሠረት በሆነ ድምፅ ነው። የካሊፎርኒያው አቀናባሪ ኦ ኖም ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንድ ሙሉ አልበም በኢትዮጵያ ሙዚቃ ሳምፕሎች ላይ ገንብቷል። መንገዱን የጠረገው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መገባደጃ ጀምሮ በፈረንሳይ ያሳተመው «ኢትዮፒክስ» የተሰኘ ተከታታይ ስብስብ ሲሆን፣ ውለታው ትልቅ ቢሆንም ክብደቱ ያረፈው በ1960ዎቹ ማብቂያና በ1970ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ በተቀረጹ ሸክላዎች ላይ ነው። በዚህም ምክንያት ለዓለም አቀፉ አድማጭ የኢትዮጵያ ትናንት የአንድ ከተማና የጥቂት ዓመታት ድምፅ ሆኖ ቀርቷል፤ የተወሰደውም ዜማውና ምቱ እንጂ የንግግር ጥበቡ አይደለም።

ለራፕ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ይኸው የተተወው የንግግር ጥበብ፣ በተለይም ፉከራ፣ ነው። በሰሜን ሸዋ እንደ ሌላው የአማራ አካባቢ ሁሉ ፎካሪው «ዘራፍ!» ብሎ ይነሣል፤ ዱላውን እየነቀነቀ ይንጎራደዳል፤ ቤት የሚመቱ ስንኞችን ያለ ዜማ፣ በትንፋሽ ልክ እየቆረጠ ይደረድራል፤ ዘሩንና ጀብዱውን በገዛ አፉ ይመሰክራል። አንኮበር ላይ የነገሡት ሣህለ ሥላሴ «አባ ዲና»፣ አንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ ደግሞ «አባ ዳኘው» በተሰኙ የፈረስ ስሞቻቸው ይወደሱ ነበር፤ ራፐር ለራሱ ያወጣውን የመድረክ ስም በስንኙ መካከል እየጠራ መኩራራቱ የዚህ የቅርብ ዘመድ ነው። መድረኩና ዘመኑ ቢለያይም ስምን በግጥም የማስከበር ተግባሩ አንድ ነው።

ከዚህ ጥበብ ወደ ዘመናዊው ሙዚቃ የሚያሻግረውን ድልድይ አስቀድሞ የሠራው የዚሁ የሰሜን ሸዋ ልጅ ነው። በ1935 በይፋት የተወለደው ጌታቸው መኩሪያ የሽለላን፣ ማለትም ለጦርነት ወኔ የሚቀሰቅሰውን ዜማ፣ ጩኸትና ስብራት ወደ ሳክስፎን አሸጋገረ፤ በ2006ም ከሆላንዱ የሮክ ቡድን «ዘ ኤክስ» ጋር «ሞዓ አንበሳ» የተሰኘውን አልበም ሠራ። በራፕ በኩል ደግሞ ራፐሩ ቴዲ ዮ በ«ጉራጌ ቶን» የጉራጌን ምት ከራፕ ጋር በማዋሐዱ፣ የአማርኛ ራፕ መነሻውን የግድ ከውጭ ቅጂ መዋስ እንደሌለበት አሳይቷል።

ጌታቸው በ2016 አርፏል። የመንዝና የይፋት አረጋውያን ፎካሪዎች ግን ድምፃቸው ሳያልፍ በጥራት ሊቀረጽ፣ ቅጂውም በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተጠብቆ ለወጣት አቀናባሪዎች ክፍት ሊሆን ይገባል።