ሞት ሲቀየም

ሐዴስ በተሰኘው የቪዲዮ ጌም ውስጥ ሞት ከመታየቱ በፊት ይሰማል። ተጫዋቹ ለውጊያ ወደ አንዱ ክፍል ሲገባ ከባድ ደወል ይደወላል፤ አረንጓዴ ብርሃን ቦግ ይላል፤ ከዚያ ራሱን የተከናነበ፣ ማጭድ የያዘ፣ ፀጉሩ ነጭ ዓይኑ ወርቃማ የሆነ ወጣት ከመሬት ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል። ታናቶስ ነው፤ የጥንት ግሪኮች ሞት።

የመጣው ተጫዋቹን ሊገድል ሳይሆን ሊፎካከረው ነው፤ ማን ብዙ ጠላት ይጥላል? ተጫዋቹ ይሮጣል፣ ይሰነዝራል፣ ያፈገፍጋል። ታናቶስ ግን አይሮጥም። ባነጣጠረበት ቦታ መሬቱ ላይ ክብ ይታያል፤ ክቡ ትንሽ ይቆያል፤ ከዚያ ውስጡ የተገኘው ጠላት ባንድ ምት ያልቃል። የሥራው ጥበብ ያለው በዚያች ትንሽ ቆይታ ላይ ነው። ሌላ ጌም ሠሪ ቢሆን ሞትን ፈጣን ያደርገው ነበር። የዚህ ጌም ሠሪዎች ግን አዘገዩት፤ ሞት የሚያስቸኩለው ነገር እንደሌለ አንድ ቃል ሳይናገሩ አሳዩን። ተጫዋቹ ካሸነፈ ደግሞ ታናቶስ ራሱ የሴንታውር ልብ ይሰጠዋል፤ ይህም የሕይወቱን መጠን ከፍ ያደርግለታል። ነፍስ የሚወስደው እጅ ዕድሜ ይጨምራል።

ንግግሩ አጭር ነው፤ ቅያሜም አለበት። የጌሙ ባለታሪክ ዛግሪየስ፣ የሙታን ዓለም ንጉሥ የሐዴስ ልጅ፣ እናቱን ፐርሰፎኔን ፍለጋ ከቤት የወጣው ለታናቶስ ሳይነግረው ነው። አብረው ያደጉ ናቸውና ሞት፣ ሳይሰናበተው ባሕር እንደተሻገረ ወንድም ተቀይሞታል፤ ቢሆንም ሊያግዘው ይመጣል። ደራሲው ግሬግ ካሳቪን ይህን ኩርፊያ በአንድ ትዕይንት አይጨርሰውም፤ በብዙ አጫጭር ግንኙነቶች ቀስ እያለ ያላላዋል። ሠዓሊዋ ጄን ዚ የሣለችው የታናቶስ ፊትም ለዚህ የተመቸ ነው፤ ቁጣው ላይ ድካም ይነበብበታል።

በአብዛኛው ጌም መሞት ቅጣት ነው፤ ወደኋላ ይመልሳል፣ ያለፈውን ያስደግማል። ሱፐርጃያንት ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2020 ሠርቶ የጨረሰው ይህ ጌም ግን ብዙውን ታሪኩን ያስቀመጠው ከሞት ማዶ ነው። ዛግሪየስ በሞተ ቁጥር ከስቲክስ ወንዝ የደም ገንዳ ወጥቶ፣ ደሙን አራግፎ፣ አባቱ ቤት ይገባል። በሩ አጠገብ የታናቶስ መንትያ ወንድም ሂፕኖስ፣ ማለትም እንቅልፍ፣ መዝገቡን ይዞ ይጠብቀዋል፤ ማን እንደገደለው አይቶም አስተያየት ይሰጠዋል፤ ገዳዩ ሲለያይ አስተያየቱም ይለያያል። ከ20,000 በላይ የተቀዳ ንግግር ያስፈለገውም ለዚህ ዓይነቱ ጥንቃቄ ነው። ሁለቱን ወንድማማቾች የጥንት ግሪካዊው ሠዓሊ ዩፍሮኒዮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ515 ዓመት ገደማ፣ የጀግናውን የሳርፔዶንን ሬሳ አብረው ሲያነሡ በወይን መበጥበጫ ማሰሮ ላይ ሥሏቸዋል። እዚያ ሁለቱም ጺማምና ክንፋም ናቸው፤ ማን ማን እንደሆነ ስማቸው ተጽፎላቸዋል። ጌሙ መንትዮቹን በጠባይ ለየ፤ እንቅልፍ ለፍላፊ፣ ሞት ቁጥብ።

ማሸነፍም ከሞት አያድንም። ዛግሪየስ አባቱን ድል አድርጎ ምድር ላይ ቢወጣም ተፈጥሮው እዚያ ስለማያኖረው፣ ከእናቱ ጋር ጥቂት ቃል ተለዋውጦ ይሞታል። የቀረውን ለመስማት እንደገና ሞቶ፣ እንደገና መውጣት ያስፈልጋል። የዋናው ታሪክ መዝጊያ የሚታየው አሥር ጊዜ ከወጣ በኋላ ነው። ብዙዎች ይህን እንደ ማራዘሚያ ያዩታል፤ እኔ ግን ልብ የሚነካው እዚህ ነው እላለሁ፤ ልጁ እናቱን የሚያውቃት በቁንጽል ነውና።

ዛግሪየስ የሚለው ስም ራሱ ከትንሣኤ አፈ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በኦርፌዎስ ስም በሚጠራው ትውፊት ሕፃኑን ቲታኖች ቦጫጭቀው ይበሉታል፤ አቴና ልቡን ታተርፋለች፤ ከዚያ ልብ የወይን አምላክ ዲዮኒሶስ ሆኖ ዳግም ይወለዳል። ይህን የሚያህል አፈ ታሪክ በእጁ ያለ ሌላ ደራሲ ቢሆን፣ በትልቅ ትዕይንት ሊያሳየን ይቸኩል ነበር። ካሳቪን ግን በቀልድ አስገባው። በጌሙ ዛግሪየስና ዲዮኒሶስ ተማክረው፣ አንድ አካል ነን ብለው ዘፋኙን ኦርፌዎስን ያታልሉታል፤ እሱም አምኖ መዝሙር ይደርስላቸዋል። ዛግሪየስ ኋላ ሐሰት መሆኑን ሊያስረዳው ቢሞክርም፣ መዝሙሩ አስቀድሞ ተደርሷል።